ልጣጩ ለበጓ፣ አፕሉ ለበሽተኛው

ምግብ ቀርቦላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ብሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ። የምጽፈው ስለ መቀመጫዬ ነው። “ሆዴን ታምሜ ነበር” ብዬ ላለዝበው እችል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ እንደዚያ ስል ኖሬ ያተረፍኩት ነገር ስለሌለ ግን አሁን እንዳለ እናገረዋለሁ፤ ከመቀመጫዬ ደም ይፈስ ነበር። አስጠላችሁ? እኔንም አስጠልቶኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር የቆየሁትም ስላስጠላኝ ነው።

ሰይድ እባላለሁ፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቆቦ ገበያው ዳር ባለች በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊ ማለት ተቀምጦ የሚኖር ሰው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከስፌት መኪናዬ ፊት እቀመጣለሁ፤ ለሰላትና ለምሳ ካልሆነ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አልነሳም። ከበረንዳችን ጀርባ ለአሥራ አንድ ሱቅ የሚያገለግል አንድ መጸዳጃ ቤት አለ። በሩን ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚወጣው ዝንብ ነው። ቀጥሎ ሽታው ይመጣና ዓይናችሁን ያስለቅሳችኋል። እግር የሚያርፍበት ቦታ ትፈልጋላችሁ፤ የለም። ግድግዳው ላይ ሰዎች እጃቸውን የጠረጉበትን ነገር አይቼ አንድ ቀን ምሳዬን መልሻለሁ።

እዚያ ላለመግባት መላ ዘየድኩ፤ ውሃ መጠጣት ተውኩ። የቆቦን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጅልነት እንደሆነ ይገባዋል። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ምላሴ ከላንቃዬ እየተጣበቀ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዤ እውላለሁ። የመጣብኝንም ቤቴ እስክገባ አፍኜ እይዘዋለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ እሱ በተራው እምቢ ይላል። ሁለት ቀን የነበረው ድርቀት አራት ቀን ሆነ፣ ከዚያም ሳምንት መድፈን ጀመረ። ስቀመጥ አምጬ፣ ስነሳ ላብ አጥምቆኝ ነው የምወጣው።

አንድ ቀን ጠዋት ከጨረስኩ በኋላ ወደ ታች አየሁ፤ ደማቅ ቀይ ደም። ቀይ ስር በልቼ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አልበላሁም። ቃሪያ አብዝቼ ነው አልኩ። ውሃ ደፋሁበትና ወጣሁ፤ በማግስቱም ደፋሁበት።

ሙያዬ ለድብብቆሽ ጠቀመኝ። ከደንበኛ ሱሪ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጣጠፍኩ ለራሴ መደረቢያ ሰፋሁ። አንድ ሙሽራ የሠርግ ኮቱን ሊለካ ፊቴ ቆሞ፣ እኔ ያንን እርጥብ ጨርቅ ተቀምጬበት፣ ሜትሬን በደረቱ ዙሪያ እያዞርኩ “ማሻአላህ፣ አምሮብሃል” እለዋለሁ። ሽታዬ የሚደርሰው እየመሰለኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር። መስጊድም ፈተና ሆነብኝ። ለሰላት ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ከሰልፉ ገብቼ ከቆምኩ በኋላ ርጥበት ይሰማኛል፤ ውዱኤ ፈረሰ ማለት ነው፤ ሰው እየገፋሁ እወጣለሁ። ሦስት አራቴ እንዲህ ከሆነ በኋላ ከሰው ጋር በጀመዓ መስገድ ተውኩ። ሰውም ማማት ጀመረ።

ሲደክመኝና ሲያዞረኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። “ሆዴን ያመኛል፣ ይደክመኛል” አልኩ፤ ስለ ደሙ ትንፍሽ አላልኩም። የክብሪት ቤት የምታህል ዕቃ ሰጡኝና ሰገራ አምጣ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለ ነገር በሰው ትእዛዝ ይመጣል እንዴ? መጸዳጃ ቤቱ መቀርቀሪያ የለውም፤ በአንድ እጄ በሩን፣ በሌላው ዕቃዋን ይዤ ስታገል አንዲት ሴትዮ ከውጭ “ቶሎ በሉ እንጂ!” ትለኛለች። ስወጣ የሌሎቹ ዕቃዎች በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው አንድ ሰው የገመጠው ዳቦ አስቀምጧል። ዳቦው የመርማሪው ነበር። ዓይኔ እያየ አነሣና ጎረሰው።

“ታይፎይድ አለብህ” አለኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ አሜባ ነው አሉኝ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ። እነሱን ብቻ ልሳደብ አልችልም፤ ዋናውን ነገር የደበቅኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አንዷ ሐኪም የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየችና “ደምዎ አንሷል” ብላ የብረት እንክብል ሰጠችኝ። እንክብሉ ሰገራን የሚያጠቁርና የሚያደርቅ መሆኑን ማን ነገረኝ? ወይ ነግራኝ አልሰማሁም። እንደ ከሰል የጠቆረና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ሳይ ውስጤ በስብሷል አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ ገላ ጋር መተኛት አስጠላኝ።

ባለቤቴ ዘሀራ በመጨረሻ አወቀችብኝ። ልብሴን የምታጥበው እሷ ናት፤ እስካሁን እንዴት እንዳላየችው ነው የሚገርመው።

“ይህ ደም ከየት ነው?” አለችኝ ሱሪውን አንጠልጥላ።

“መርፌ ወግቶኝ ነው።”

“መርፌ ሱሪህ ውስጥ ምን ይሠራል?”

ከታች እንደምደማ ነገርኳት፤ ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ለእህቴ ለከድጃ “ሆዱን በርትቶበታል” ብቻ አለቻት። ለከድጃ ደግሞ ይህ በቂ ነው።

ከድጃ ጂዳ ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ሁሉን የምታውቅ እህቴ ናት። ቤቴ ገብታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የሚበላውንና የማይበላውን ደነገገች። “የማሽላ እንጀራ? ለበሽተኛ? ትገድሉታላችሁ እንዴ!” ማሽላው ቀረ፤ ሽሮው ቀረ፤ ምስሩ ያነፋል ተብሎ ቀረ። በምትኩ ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒና የተቀቀለ ድንች መጣ፤ ለሆድ ቀላል ቀላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቱፋህ፤ እኛ አፕል የምንለው። “እዛ በሽተኛ የሚያድነው ቱፋህ ነው። በእጄ ስንቱን አጉርሻለሁ፣ ወላሂ!” ትላለች።

ከድጃ አፕል ስትልጥ ማየት ነው። ልጣጩ አንዴም ሳይቆረጥ እንደ ሜትሬ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ጓሯችን ለአረፋ ብለን የገዛናት በግ ታስራለች፤ ከድጃ ቢላዋ ስታነሳ ገመዷን ወጥራ ትጠብቃለች። ልጣጩ ለበጓ ይጣላል፤ ነጩ ሥጋው በሰሐን ተቆራርጦ ለእኔ ይቀርባል። ለበሽተኛ ከነልጣጩ መስጠት ብልግና ነው፤ ሰው ምን ይላል? እንኳን አፕል፣ ከእኛ ቤት ለታመመ ሰው ቲማቲምም ሳይላጥ አይቀርብም።

መታመሜ ሲሰማ የቅሬያችን ሰዎች መጡ፤ ለቅሶም ደስታም አብረን የምንወጣ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ድሮ ታማሚ ሲጠየቅ ወተትና እንቁላል ነበር የሚያዘው፤ አሁን ዘመኑ የአፕል ነው። ሁሉም በጥቁር ፌስታል ሦስትም አራትም እያንጠለጠለ ይገባል፤ “አላህ ያሽርህ” ይልና ስለ አፕል ማስተማር ይጀምራል። አንዱ ደም ይተካል አለ። አንዱ ልብ ያጠነክራል፣ ሌላው የደም ቅባት ያጥባል፣ ሌላው ጥርስ ያነጣል። በስልክ ያየ ደግሞ በጠዋት በባዶ ሆድ ከተበላ ዕጢ ያሟሟል ብሎ ማለ። ይህን ሁሉ የሚሉት እኔ ስበላ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው።

አፕሉ ከየት ተጭኖ፣ ስንት ቀን በሙቀት ተንከራትቶ እንደመጣ አላውቅም፤ አፌ ውስጥ ሲገባ እንደ ረጠበ አመድ ነው። ያልጨረስኩት ሰሐኑ ላይ ይቀራል፤ ቡናማ ይሆናል፤ ዝንብ ይወርድበታል። ከድጃ ዝንቡን እሽ ትልና “ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን” ብላ ታጎርሰኛለች። ለብ ያለ፣ የዝንብ እግር የነካው፣ ዱቄት የሆነ አፕል። ዛሬም ሳስታውሰው ምራቄ ይሞላል። ለመዋጥ አይደለም።

በአፕልና በነጭ ዳቦ ሁለት ወር ከረምኩ፤ ድርቀቱ ባሰ፤ ደሙም ባሰ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ነገሩ ገብቶት ኖሮ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ ኪንታሮት የሚነቅል ሰው ጠቆመኝ። ከከተማ ወጣ ባለች መንደር ያለ ሰው ነው። ለዘሀራ ክር ልገዛ ነው ብዬ በባጃጅ ሄድኩ። ሰውየው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አንድ ግራጫ ዱቄት በመዳፉ እያሸ ነበር፤ በዚያው እጁ ከጎኑ ካለው ሰሐን እንጀራ ይቆርሳል። ፊቱ አንድ የብርጭቆ ዕቃ አለ፤ ውስጡ ዘቢብ የመሰሉ የደረቁ ነገሮች ሞልተዋል።

“እነዚህ ምንድን ናቸው?” አልኩት።

“ከሰው የነቀልኳቸው ናቸዋ!” አለ እየሳቀ። “ይኼ ትልቁ የአንድ ሾፌር ነው።” ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋልኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው “ያረቢ! ተቃጠልኩ!” እያለ ይጮኻል። ዱቄቱ ሥጋ የሚያቃጥል ነገር ነው። ወጥቼ ከቁልቋሉ አጥር ሥር አስታወክሁ፤ የወጣው አፕል ነበር። ባጃጁ ገና አልሄደም፤ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

በረንዳው ላይ ከጎኔ የሚሰፋው ሞላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አብሮኝ የሠራ ወዳጄ ነው። ሊጠይቀኝ ሲመጣ አፕል ያልያዘ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ያን ቀን ከባጃጅ ስወርድ እያነከስኩ አየኝና ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

“አያ ሰይድ፣ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። የት ነው የምትደማው?”

“ማን ደማ አለህ?”

“የምትቀመጥባትን ዱካ አይቻታለሁ፤ ሁለቴ ጠርጌልሃለሁ።”

መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ሞላ አልሳቀም። ጎብዬ የሚኖር አጎት እንደነበረው ነገረኝ። እሱም ኪንታሮት ነው እያለ አራት ዓመት ደብቆት ኖረ፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ካንሰር ነበር፤ ጉበቱ ድረስ ዘልቆ ነበርና መመለሻ አልተገኘለትም። “ያንተ ይህ ነው አላልኩም” አለ ሞላ። “ሰው ሳያየው ግን አንተም እኔም አናውቅም። ማርያምን፣ ማክሰኞ ካልሄድክ ለቅሬህ ዳኛ ሄጄ እናገራለሁ።”

ማክሰኞ ከዘሀራ ጋር ወደ ወልድያ ተሳፈርን። ሮቢት ላይ አንድ ጉብታ፣ ጎብዬ ላይ ሌላ ጉብታ፤ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር የፊት ወንበሩን ጨብጬ እነሳለሁ። ዘሀራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትጸልያለች። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሞላ አጎት ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ካርድ አወጣን፤ ተራ ያዝን። አዳራሹ በሰው ታጭቋል። አንዱ ጥግ ላይ ይተፋል፣ አንዷ የልጅ ሽንት ጨርቅ ትቀይራለች፣ የሰው ላብና የመድኃኒት ሽታ ተደባልቋል። መቀመጥ ስለማልችል ሦስት ሰዓት በግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆዩና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ደጋግመው አጠፉት፣ ወንበሩ ላይ አነጠፉልኝ። “በአንድ ጎንህ ዘንበል ብለህ ተቀመጥ፣ እኔም አውቀዋለሁ” አሉኝ። በነጭ ጋቢያቸው ላይ ደም እንዳላንጠባጥብ እየተሳቀቅኩ ተቀመጥኩ። ከብዙ ወራት በኋላ ሳያመኝ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ ሴት ናት፤ የልጄ እኩያ። በመጨረሻ ስለ ደሙ ተናገርኩ። ጎንበስ ብላ ጻፈችና “እንግዲህ አባቴ፣ ሱሪዎን ዝቅ አድርገው ግድግዳውን ይዩ” ብላ ጓንት መሳብ ጀመረች። የጓንቱ ድምፅ “ጧ!” ሲል ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። ዘሀራ በሩ ላይ ቆማለች።

“የት ነው?”

“ሴት ናት! ልጅ ናት!”

“ሰይድ” አለች፤ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። “አራት ልጅ ስወልድልህ ስንት ወንድ ቆሞ አየኝ? ያኔ ነውር ነው አላልክም። ግባ!”

ገባሁ። ግድግዳውን አየሁ። የቀዘቀዘ ቅባት፣ ጣት፣ ከዚያ አንድ እንባ የሚያወጣ ሕመም። የራሴ ሥጋ እንደዚያች ቅጽበት የቀፈፈኝ ጊዜ የለም፤ ሐኪሟ ግን ስለ ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው “የት ነው የሚሠሩት?” እያለች ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህች አንድ ደቂቃ ሁለት ዓመት ሸሸሁ።

“ኪንታሮት አለብዎት፤ የመውጫው ቆዳም ተሰንጥቋል” አለች። “ይህ ይድናል። ግን ደሙ የቆየ ስለሆነ ወደ ውስጥም መታየት አለበት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ደሴ እልክዎታለሁ።”

ለዚያ ምርመራ አንጀት መታጠብ አለበት። ጨው ጨው የሚል፣ የሚያጣብቅ ነገር በሊትር ተጠጥቶ፣ በውስጣችሁ ያለ ሁሉ ውሃ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ትሮጣላችሁ። ዝርዝሩን እተወዋለሁ፤ አንባቢዬ እንኳን እስከዚህ ታገሠኝ። ከምርመራው በኋላ የደሴው ሐኪም ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የዘሀራን እጅ ጨብጬ ነበር። “ውስጡ ንጹሕ ነው። ካንሰር የለም” አለ። ዘሀራ “አልሃምዱሊላህ” አለች። እኔ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ወልድያዋ ሐኪም ተመለስን።

“ምን ምን ይበላሉ?” አለችኝ።

“ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ። አፕል ደግሞ በቀን ሦስትም አራትም” አልኩ እንድታመሰግነኝ።

“ከነልጣጩ?”

“ኧረ ይላጣል! እህቴ ናት የምትልጥልኝ፤ አረብ አገር የተማረችው ነው።”

“ልጣጩ የት ይሄዳል?”

“በጓ ትበላዋለች።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “በጓ ደህና ናት?”

“እጅግ ደህና ናት” አልኩ፤ እውነቴን ነው። በጓ በየጠዋቱ ያለ ምንም ምጥ፣ የተድበለበለ፣ የሚያብረቀርቅ በጠጧን ረጭታ ወደ ሣሯ ትመለሳለች። በቅናት ቆሜ ያየኋት ቀን አለ። ሐኪሟ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘሀራም ሳቀች። በመጨረሻ እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅም ያመኝ ነበር።

ከዚያ አስረዳችኝ። ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ የሚቀር፣ ውሃ ይዞ ሰገራን የሚያለሰልስ ነገር አለ፤ አሰር ይሉታል። በአፕል ሥጋም ውስጥ አለ፤ ብዙው ያለው ግን ልጣጩ ላይና ከልጣጩ ሥር ነው። በደንብ ታጥቦ ከነልጣጩ ከተበላ፣ ውሃም ከተጠጣበት፣ ለአንጀት ጥሩ ነው፤ ለልብም ለደም ቅባትም ጥቂት ይረዳል። ዕጢ ግን አያሟሟም፤ የጎደለ ደምም አይተካም። “ደግሞ አፕል የግድ አይደለም” አለች። “ዘይቱን አለ፣ ፓፓያ አለ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ። የማሽላ እንጀራስ ማን ከለከለዎት?”

የከለከለችኝን አውቃታለሁ። ማታውኑ ቤት እንደገባን ለከድጃ ነገርናት። ዓይኗ ፈጠጠ። “ስምንት ዓመት የላጥኩት ሁሉ ስህተት ነው በለኛ!”

“ለማን ነበር የምትልጪው?” አልኳት።

“ለማዳም እናት። ለአሮጊቷ።”

“ስንት ጥርስ ነበራቸው?”

በእጇ የያዘችውን ቢላዋ አየችው። “አንድም” አለች።

“እኔ ስንት አለኝ?”

ቢላዋውን ወርውራ ወጣች፤ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን የማሽላ እንጀራና የምስር ወጥ ይዛ መጣች፤ ስለ አፕል አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁባት። በጓ ግን አንድ ሁለት ቀን ገመዷን ወጥራ ጮኸች።

መዳን በአንድ ቀን አልመጣም። ጠዋትና ማታ በሳፋ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት ወሰድኩ፤ የሚቀባም ነበረው። የብረት እንክብሉ ሐኪሟ ባለችው መልክ ቀጠለ። ከመኪናዬ አጠገብ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ አኖርኩ፤ አንድ ሱሪ በጨረስኩ ቁጥር እነሳና እስከ ገበያው ጫፍ ደርሼ እመለሳለሁ። ደንበኛ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ከሞላ ጋር ሆነን አሥራ አንዱን ሱቅ አስተባበርንና ያንን መጸዳጃ ቤት አስጠረግነው። አፋችንን አስረን፣ ሁለት ጊዜ እየወጣን እያስመለስን ነው የጨረስነው፤ አሁን በር ቁልፍ አለው፣ ተራም አለው። በሁለት ወር ደሙ ቆመ። በሦስተኛው ወር ጁምዓ ከሰልፉ መሐል ቆምኩ፤ ውዱኤን የሚያፈርስብኝ ነገር ሳይኖር ሰገድኩ።

ስድን ደግሞ ሰባኪ ሆንኩ። ጠያቂ ሲመጣ “ሆዴን” ማለት ትቼ እንዳለ እነግረዋለሁ። ሰው ፊቱን ያዞራል፤ “ኤዲያ፣ ምን ያስወራሃል!” ይላል። አላፍርም። አንድ እሑድ ሦስት የቅሬ ሰዎች ተቀምጠው ታጥቦ ያልተላጠ አፕል በእጄ ይዤ “ከመቀመጫ የወጣ ደም ለሐኪም ይታያል! ኪንታሮት ነው ብሎ በቤት መፍረድ የለም!” እያልኩ ደሰኮርኩባቸው። ጥሩ ተናጋሪ ነኝ አልኩ በልቤ። ሲሄዱ ዘሀራ ሰሐኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣

“ሰይድ፣ ያቺ ሐኪም አሁንም ማክሰኞ ነው የምትገባው?” አለችኝ።

“ማን ታመመ?”

“እኔ።”

ያልገባኝ መስሏት “እንዳንተው” አለች። “ከታች። አንተ ከመጀመርህም በፊት ነው።”

አፕሉ ከእጄ ወደቀ። ሁለት ዓመት የራሴን ደም ስጸየፍ፣ ስደብቅ፣ ሳቃስት፣ ይህች ሴት የኔን እያጠበች የራሷን ለብቻዋ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን “አንቺስ?” ብያት አላውቅም። ሲያዞራት፣ ግድግዳ ይዛ ስትቆም አይቼ “ሙቀቱ ነው” ብያታለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያየሁት አስጸያፊ ነገር ሁሉ፣ የክሊኒኩ ዳቦና የኪንታሮት ነቃዩ ብልቃጥ ሳይቀር፣ ያን ቀን ለራሴ የተሰማኝን ያህል አላስጠላኝም።

ማክሰኞ ሄድን። የእሷ የእኔን አልመሰለም፤ በጣት ሲታይ ኪንታሮት አልተገኘባትም። ደሴ በካሜራ ሲታይ አንጀቷ ውስጥ እንደ እንጉዳይ የበቀለ ሥጋ ተገኘ፤ ፖሊፕ ይሉታል። በዚያው ቆርጠው አወጡትና ለምርመራ ላኩት። አሥራ አምስት ቀን ጠብቁ ተባልን። የወልድያዋን ሐኪም “ልጣጭ ብትበላ ይጠፋ ነበር?” ብዬ ጠየቅኋት። “አይጠፋም” አለችኝ። “ይህ የሚጠፋው ታይቶ ሲወጣ ብቻ ነው።” በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት ልብስ ሠርቼ ከሆነ እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም፤ የአንድ ሰው ሱሪ ሁለቱንም እግር ግራ አድርጌ ሰፍቻለሁ።

ውጤቱ መጣ። መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ ካንሰር ግን ገና አልሆነም። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል አሉን። ሐኪሟ “አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ ይህን አልነግራችሁም ነበር” አለች። በዓመቱ ደግመን እንድንመጣ ቀጠሮ ሰጠችን።

ስንመለስ በሚኒባሱ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጎብዬን አልፈን ሮቢት ደረስን። ከዚያ ጠየቅኋት።

“ዘሀራ፣ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እንኳ ከታወቀብኝ በኋላ፣ ለምን?”

በመስኮቱ የማሽላውን እርሻ እያየች ነበር።

“አንተ ታመህ ተኝተሃል” አለች። “ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ይታመማል እንዴ? ማን ያስታምመናል ብዬ ነዋ።”